የ«ዝገት» ድራመር

«አንዴ ከወጣ መሰብሰቢያ የለውም» አለች ነኢማ። የሻይ ብርጭቆዋን ከፍራሹ ጥግ አስቀምጣ ወደ ሐሚዳ ጆሮ ተጠጋች፤ ያወራችው ግን ሳሎኑን የሞሉት ሴቶች ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ ነበር። «አንዱ የትም ቁጭ ብሎ ስልኩን ነክቶ ያንን ጩኸት በከፈተው ቁጥር ልጅሽ እዚያ ይጠየቅበታል። ያ ጎፈሬው ጓደኛው ድንኳን ውስጥ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልበሙን በስሙ እናወጣዋለን ይላል። በስሙ! ለሟች የሚወጣ ጠፍቶ ነው? ሶደቃ አለ አይደል እንዴ? እኔ ለሱ ብዬ ነው።»

ሐሚዳ ልጇ ኻሊድ ከተቀበረ ወዲህ የሚሏትን ሁሉ ራሷን እየነቀነቀች ትቀበል ነበር። አሁን ግን ቀና ብላ፣ ቴምር የያዘ ትሪ እያዞረች የነበረችውን የኻሊድን ታናሽ እህት፣ ሪሀናን አየቻት።

«ሪሁ፣ ስልኩ አንቺ ጋ ነው አይደል?»

«እኔ ጋ ነው እማዬ።»

«ዘፈኑ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው?»

«እሱ ላይ ብቻ ነው።»

«እንግዲያ ድንኳኑ ሳይነሳ አጥፊልኝ። ለማንም ሳትልኪ። ወንድሜን እወዳለሁ ካልሽ።»

ሴቶቹ የሪሀናን አፍ ጠበቁ። ሪሀና እሺም እምቢም ሳትል ትሪውን ለአክስቷ ለነኢማ አቀበለቻትና ወጣች። ነኢማ ደህናውን ቴምር መረጠች።

ኻሊድ የሞተው ኢምፔሪያል ጋ መንገድ ሲሻገር ነው። ገልባጭ መኪናው ጥሩምባ ነፍቷል፤ ሹፌሩ ብቻ ሳይሆን ታክሲ ይጠብቅ የነበረው ሰው ሁሉ መስክሯል። ልጁ ግን ዞር እንኳ አላለም። ጆሮው ላይ ኢርፎን ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ ኢርፎኑን በፌስታል አድርጎ ለአባቱ ሲሰጥ «ይሄ ነገር ስንቱን ጨረሰ መሰላችሁ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት ሌላ ምርመራ አላስፈለገም። ዘፈን ገደለው ተባለ። ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ ይህን ሰምቶ፣ ለልጆቹ መምከሪያ ይዞት ይሄዳል።

ድንኳኑ የተተከለው ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ የሰፈሩን መንገድ ግማሽ ዘግቶ ነው። አባቷ አብዱልጀባር መሀል ላይ ተቀምጧል። ከወሎ የደረሱ ዘመዶች ከበውታል፤ ከነሱ ቀጥሎ የገርጂ ነጋዴዎች፣ ከዚያ የእድሩ ሰዎች። ሪሀና ውሃ ይዛ ስታልፍ ሁሉም አንድ ነገር ሲሉ ሰማች። ዝምተኛ ነበር። ቃል የማይወጣው ልጅ። አንድ ሽማግሌ «ቤት ውስጥ መኖሩ እንኳ አይታወቅም ነበር እኮ፤ ጭምት!» አሉ፤ ማመስገናቸው ነው።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። የሷን ወንድም ግን ሲሞት አንገቱን አላስረዘሙለትም፤ ምላሱን ነው የቆረጡት። ሪሀና ጆጉን አስቀምጣ «ውሸታሞች!» ብላ መጮህ አማራት። ከገርጂ እስከ ሰሚት የኻሊድን ያህል ጩኸት ያወጣ ሰው አልነበረም።

አብዱልጀባር ቆርቆሮ፣ ፌሮና ላሜራ ይሸጣል። ገርጂ ያለው መጋዘኑ ራሱ ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ነው። ኻሊድ አንድ የሆቴል ባንድ ሲበተን አሮጌ ድራም ገዛና በፒክ አፕ ሸራ አልብሶ አምጥቶ ከፌሮው ክምር ኋላ ደበቀው። እሑድ እሑድ መደብሩ ሲዘጋ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይገባና ከውስጥ ይቀረቅራል። ይትባረክ ጊታር የተማረው ከመዘምራን ጋር ነው፤ የሆሳዕና ልጅ፣ የወንጌላዊ ልጅ፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። ሰምሃል ቤዝ ትጫወታለች፤ በሥራ ቀን ነጭ ጋዋን ለብሳ ፋርማሲ ውስጥ የሳል ሽሮፕ የምትሸጥ ልጅ ናት። ዝናብ ገብቶባቸው ገዢ ያጡ ቆርቆሮዎች ፊታቸው ተደርድረው ነበርና ለባንዱ ስም ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። ዝገት አሉት።

የመጋዘኑ ጎረቤት በርና መስኮት የሚሠራ ብየዳ ቤት ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ምንም አልጠረጠረም፤ ጩኸቱ ከብየዳ ቤቱ የሚመጣ መሰለው። አንድ እሑድ አብዱልጀባር ራሱ ከመስጊድ ሲመለስ በዚያ አለፈ። ቆም ብሎ አዳመጠ። እራት ላይ «ጎረቤቶቻችንን አየኻቸው?» አለው ኻሊድን። «በእሑድ ቀን እንኳ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ሰው የሚያልፍለት እንዲህ ነው። ተማር!» ኻሊድ «እሺ አባ፣ እማራለሁ» አለና ሳቁ ሲያመልጠው ትን ያለው መስሎ ወጣ። ሪሀና ተከትላው ወጣች፤ ምስጢሩንም የዚያኑ ቀን አውጣጣችው።

እሷ የምትሠራው ቦሌ ለሚ፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ጩኸት ውስጥ ስለሚውሉ የሚታደላቸው የጆሮ መድፈኛ አለ፤ የስፖንጅ። አንድ ካርቶን አመጣችለት። «ድራመር ጆሮውን ደፍኖ? አቦ ሪሁ፣ አታዋርጂኝ» ብሎ ፌሮ ለሚቆርጡት ሠራተኞች አደላቸው።

አምሽቶ ሲመጣ የግቢውን በር የሚያንኳኳው በያዘው ቁልፍ ነበር፤ አራት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ እኩል እኩል። ዘፈን ሲጀምሩም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱን ዱላዎች አራት ጊዜ ያጋጫል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ይገባሉ። ሪሀና ያንን ስትሰማ በባዶ እግሯ ወጥታ አባቷ ሳይሰማ ትከፍትለታለች። እሷን እንቅልፍ የጣላት ቀን እንዴት እንደሚገባ ጠይቃው ታውቃለች። «ግንቡ የተሠራው ለድመት ብቻ መሰለሽ?» አላት።

በዚያው የለቅሶ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰምሃል ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሸፍና ጓሮ፣ የውሃው ሮቶ ጋ አገኘቻት። ይትባረክም ከኋላዋ መጣ። ጥቁር ቲሸርቱን በተዋሰው ኮት ሸፍኖታል፤ ጎፈሬውን ግን የሚሸፍንበት አላገኘም።

«ሪሁ፣ እውነት ልታጠፊው ነው?» አለች ሰምሃል።

«ማን ነገረሽ?»

«አክስትሽ ናቸዋ። ገርጂ ውስጥ ያልሰማ አለ?»

ይትባረክ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔ ላፕቶፕ ከነቦርሳው ተሰርቋል። የቀረጽንበት ስቱዲዮም ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። ያለን እሱ ስልክ ላይ ያለው ብቻ ነው። ወጣትነታችን እኮ ነው እዚያ ውስጥ ያለው። መጀመሪያ ወደኔ ላኪው፤ ከዚያ አጥፊው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ልዋሻት?»

«እኛንስ?» ይትባረክ ሳያስበው ድምፁ ከፍ አለ። «ባንዱን ማን አፈረሰውና ነው! አልበሙ አልቆ፣ ሊወጣ ሲል፣ ጥሎን ለአባቱ ቆርቆሮ ሊሸጥ ሄደ። ነፍስ ይማር፤ ግን ከድቶናል። ይቺን እንኳ አትንፈጉን።»

«ይትባረክ! ለቅሶ ቤት ነው ያለኸው» አለች ሰምሃል።

«ለቅሶ ቤት እውነት አይነገርም?»

ሪሀና መልስ ነበራት። ግን ወላሂ ብላ ስለማለች ዋጠችው። የሮቶውን ቧንቧ ከፍታ ያልቆሸሸ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

ዝገትን የሰማው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ቦሌ ያለ አንድ ሆቴል ሊሞክራቸው ጠርቷቸው፣ ሥራ አስኪያጁ አንድ ዘፈን ግማሽ ድረስ ሰማና «ለሠርግ የሚሆንስ የላችሁም?» አላቸው። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሰይጣን ታመልካላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ይትባረክ «እኔ ረቡዕ ረቡዕ ጸሎት እመራለሁ» ብሎ መለሰ፤ ጋዜጠኛው የፈለገው ይህን አልነበረምና ፕሮግራሙ ሳይተላለፍ ቀረ። ኦሎምፒያ አካባቢ ከኪሳቸው አዋጥተው አዳራሽ ተከራይተው ኮንሰርት ያዘጋጁ ጊዜ ከመጣው ሰው ግማሹ ዘመድ ነበር። ሪሀናም የፋብሪካ ጓደኞቿን ለምና ነው ያመጣችው። «ፈረቃ» የሚለውን ዘፈናቸውን ጀመሩ፦

ውሃ በፈረቃ፣ መብራት በፈረቃ፣
ትንፋሽም በፈረቃ ይሁንልን በቃ!

እዚህ ላይ ሲደርሱ መብራት ጠፋ። ቀልድ አይደለም፤ እዚሁ ላይ። ጊታሩ ሞተ፣ ቤዙ ሞተ፣ ያለ ማይክ የይትባረክ ጩኸት የሕፃን ለቅሶ ሆነ። ድራም ግን መብራት አይፈልግም። ኻሊድ በጨለማው ውስጥ ቀጠለ። ወደ በሩ መሄድ የጀመረው ሰው ቆመ፤ ከዚያ ተመለሰ፤ ከዚያ አንድ በአንድ የስልኩን መብራት አበራለት። ኻሊድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ላብ ፊቱን አጥቦት፣ እየሳቀ ይመታል። የሪሀና የፋብሪካ ጓደኞች፣ ሙዚቃውን ጠልተው ጥግ ይዘው የነበሩት፣ አልቅሰው ወጡ። ምን እንዳስለቀሳቸው ሲጠየቁ አላወቁም። ሪሀና ወንድሟን እንደዚያ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም፤ ቤታቸው ውስጥ እንደዚያ ደስ የሚለው ሰው ኖሮም አያውቅም።

አንዱ ያንን በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። ከሥሩ ከተጻፈው ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው «ጎረቤቴ ቤቱን እያደሰ መስሎኝ ነበር» የሚል ነው። ቪዲዮው ዞሮ ዞሮ አብዱልጀባር መደብር ደረሰ። አብዱልጀባር አልጮኸም። የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀብሎ ከልጁ ጋር መነጋገር አቆመ። ዝገቶች ድራማቸውን ጭነው ሰሚት ሄዱና ኮንቴይነር ተከራዩ። መስኮት የሌለው የብረት ሳጥን ነው። እዚያ ውስጥ አልበሙን ተለማመዱ፤ እዚያ ውስጥ የኻሊድ ጆሮ አለቀ።

ሪሀና ያወቀችው ኩሽና ውስጥ ነው። የፈላ ውሃ ይዛ ከኋላው «ዞር በል! ዞር በል!» እያለች መጣች። አልዞረም። ውሃው ተረከዙ ላይ ሲፈስ ዘሎ ዞረና «ጠራሽኝ እንዴ?» አላት። ፊቷን ሲያይ እንደገባት ገባው። ሐኪም ቤት አብራው ሄደች። ሐኪሙ የሞተው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብቅ አለው። የቀረው ትንሽ ነበር።

«ወላሂ በይ» አላት ሲወጡ። «ለእማ ከነገርሽ እድሜ ልኳን ታለቅሳለች። ለአባ ከነገርሽ አላህ ቀጣው ይላል። ለነይትባረክ ከነገርሽ ደግሞ ያዝኑልኛል። እሱን አልችልም ሪሁ። ቢጠሉኝ ይሻለኛል።»

ወላሂ አለች።

በመጨረሻው ልምምድ ኻሊድ ደጋግሞ ዘግይቶ ገባ። ይትባረክ ጊታሩን ከትከሻው አውርዶ «አንተ፣ ደንቆሮ ነህ እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። ኻሊድ ከከንፈሩ አነበበው። «ሳልሆን አልቀርም» አለ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። በማግሥቱ መደብር እገባለሁ ብሎ ተለያቸው። አብዱልጀባር ልጄ ተመለሰልኝ ብሎ በግ አረደ። ዘመድ ተሰብስቦ እየበላ፣ አላህ ዱዓህን ሰማህ እያለ አባትየውን ሲያመሰግን ኻሊድ ምኑንም ሳይሰማ ፈገግ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ዝምተኛ ያሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ኢርፎኑንም የጀመረው ያኔ ነው። ገመዱ ኪሱ ውስጥ ይገባል፤ ኪሱ ውስጥ ግን የሚሰካበት የለም። «ጆሮዬ ላይ ካዩት፣ ሲጠሩኝ ዝም ብል ይሰድቡኛል እንጂ አይጠረጥሩኝም» ብሏታል። እውነቱን ነበር። ከአባቱ እስከ ተሸካሚዎቹ ሁሉም ሰደቡት፤ አንድም ሰው አልጠረጠረም።

እነይትባረክ ሪሀናን ባነጋገሩ ማግሥት ሐሚዳ ለጥቂት ጊዜ ጋደም እንድትል ሴቶቹ መኝታ ቤት አስገቧት። ሪሀና በሩን ዘግታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ የገደለው ዘፈን አይደለም። የዚያን ቀን ስልኩ እዚህ ነበር። ቻርጅ ላይ። አንቺም አይተሽዋል። ኢርፎኑ ምንም ላይ አልተሰካም።»

ሐሚዳ ተነስታ ተቀመጠች። ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ላይ እንደነበር ትዝ ሲላት ከፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲላቀቅ ሪሀና አየች። ወዲያው ግን ተመልሶ ተቋጠረ።

«ታዲያ ጥሩምባውን ለምን አልሰማም?»

መልሱ የሪሀና ምላስ ላይ ነበር። ብትናገር ጆሮውን ድራሙ በላው ማለት ነው፤ ዝም ብትል ዘፈኑ ገደለው። በየትም ብትዞር ዝገት ነፍሰ ገዳይ ነው። በእናቷ እግር ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

«አየሽ» አለች ሐሚዳ፤ መልሳ ተጋደመች። «ሼሁን ጠይቄያቸው ነበር። የአላህ ራህመት ሰፊ ነው አሉኝ። መስፋቱንማ አውቃለሁ። የጠበበው የኔ ልብ ነው። እዚያ ሆኖ ጩኸት እንዲከተለው አልፈልግም። ጸጥ ይበልለት ሪሁ። ሌላ ምንም አልለምንሽም፤ ጸጥ ይበልለት።»

ጸጥታውንማ ጠግቦት ነው የሞተው፤ ሪሀና ይህን በሆዷ አለች። እናቷን በዚያች ሰዓት ወደደቻት፣ በዚያችው ሰዓት ጠላቻት። ከክፍሉ ስትወጣ ወስና ነበር። ትልከዋለች። እናቷን ትዋሻታለች፤ እሷም አንድ ቀን ትጠየቅበታለች። ጸጥታ ይበቃዋል።

ድንኳኑ የሚነሳበት ቀን ደረሰ። ቁርኣን ተቀርቶ፣ ሰው በልቶ መበተን ሲጀምር ሪሀና ስልኩን ይዛ ወደ ሮቶው ሄደች። ይትባረክና ሰምሃል ቀድመው እየጠበቋት ነበር። የይትባረክ ዓይን መጀመሪያ የሄደው እጇ ላይ ወዳለው ስልክ ነው።

«እልክላችኋለሁ» አለች። «በፊት ግን አንድ ነገር ስሙኝ። አልከዳችሁም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ወላሂ ማለቷን አፍርሳ። የፈላውን ውሃ፣ ሐኪሙን፣ የትም ያልተሰካውን ገመድ። ይትባረክ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ደንቆሮ ነህ ወይ ብዬዋለሁ እኮ» አለ። «ሰምሃል፣ ብዬዋለሁ አይደል? ከዚያም ሳቅሁ?» ተነፋርቆ አለቀሰ፤ የውሸት ለቅሶ አልነበረም። ሰምሃል ራሱን ደረቷ ላይ ይዛ አብራው አለቀሰች። ሪሀና ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት። ኻሊድን የሚያውቀው ሰው ሦስት ሆነ።

ይትባረክ አፍንጫውን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ሌላ ነገር ነበር።

«ሰው ይሄን መስማት አለበት» አለ። «ገብቶሻል ሪሁ? የማይሰማ ድራመር! ማንም የማያውቀው! አልበሙን ከዚህ ታሪክ ጋር ብንለቀው እኮ የት እንደሚደርስ... ሆቴል የለ፣ ሬዲዮ የለ፣ ሁሉም በራችን ላይ ነው የሚሰለፈው። ኢርፎኑን ኮቨሩ ላይ እናደርገዋለን። ኢርፎኑ አለ አይደል?»

«ይትባረክ!» ሰምሃል እጁን ያዘችው።

ምን እንዳለ የገባው ያኔ ነው። አፉን በመዳፉ ያዘ። ክፉ ሰው አልነበረም። እድሜውን ሙሉ ጮኾ ማንም ያልሰማው ሰው ነው፤ በር ትንሽ ገርበብ ሲል እግሩ ቀድሞት ገባ።

«ሪሁ... እኔ ለሱ ብዬ ነው» አለ።

ሪሀና ስልኩን ኪሷ ከተተች። ነኢማም ለሱ ብላ ነው። አባቷም በጉን ያረደው ለሱ ብሎ ነው። ኻሊድ አይዘኑልኝ ብሎ አስምሏት ነበር፤ እሷ ደግሞ ምስጢሩን አውጥታ ለአልበም ማሻሻጫ ሰጠችው። «ደህና ሁኑ» አለቻቸው። ሰምሃል ተከትላት ሁለት ሦስቴ ጠራቻት። አልዞረችም።

ሐሚዳ ሳሎን ፍራሹ ላይ ብቻዋን ነበረች። ሪሀና አጠገቧ ቁጭ ብላ ስልኩን ከፈተች። ዘፈኖቹ ተራ በተራ ተደርድረው ወጡ።

«የሱ ድምፅ አለበት?» አለች ሐሚዳ በድንገት።

«ድምፁ የለበትም። እሱ ይመታል እንጂ አይዘፍንም። ሲጀምሩ ብቻ ዱላውን አራት ጊዜ ያጋጫል።»

ሐሚዳ ስልኩን አንድ ጊዜ አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሪሀና ሁሉንም መረጠች። ስልኩ እርግጠኛ ነሽ ብሎ ጠየቃት። በዚህ ሁሉ ቀን እንደዚያ ብሎ የጠየቃት እሱ ብቻ ነበር። እርግጠኛ አልነበረችም። ነካችው።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሐሚዳ። ከዚያ ጉልበቷን አቅፋ፣ ልጇ ዛሬ የሞተ ያህል አለቀሰች። ሪሀና ልታባብላት እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው።

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ነቀሉ። ሪሀና ወንበሮቹን ከሰፈሩ ሴቶች ጋር እስከ እድሩ መጋዘን አደረሰች፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም ነበር። ስትመለስ መሽቶ የመግሪብ አዛን ብሎ ነበር። ድንኳኑ የነበረበት ቦታ ባዶ መንገድ ሆኗል፤ ታክሲ ያልፍበታል። የግቢው በር ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘግቷል።

ለማንኳኳት እጇን አነሳች። ያደረገችውን አስባ አላደረገችውም። በጣቷ ቀለበት ብረቱን መታችው። አራት ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ እኩል እኩል።

ከውስጥ የሚሮጥ ነጠላ ጫማ ሰማች። ለቅሶ ያደከማት፣ ሰው ደግፎ የሚያስነሳት እናቷ ናት የምትሮጠው።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለች ሐሚዳ በሹክሹክታ፣ መቀርቀሪያውን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጇ ይዛ እየሳበች። «ቀስ በል ልጄ፤ አባትህ ሰላት ላይ ነው።»

በሩ ተከፈተ። መቀርቀሪያውን ያለ ድምፅ እንደዚያ መክፈት በአንድ ቀን የሚለመድ አይደለም። ሪሀና እንቅልፍ በጣላት ቀን ኻሊድ ግንብ ዘሎ አያውቅም።

ሐሚዳ ሪሀናን አየቻት። ከዚያ አንገቷን አስግጋ በትከሻዋ ላይ አልፋ መንገዱን አየች፤ ወደ ኢምፔሪያል በኩል፣ ከዚያ በወዲህኛው በኩል። አንዲት ሴት ፌስታል ይዛ አለፈች። ሌላ ሰው አልነበረም።

«እማዬ» አለች ሪሀና።

ሐሚዳ ዞራ ወደ ቤት ሄደች። ሪሀና በሩን ልትቀረቅረው ስትል እናቷ ሳትዞር «ተይው» አለቻት። «አትቀርቅሪው።»

ሪሀና መቀርቀሪያውን ለቀቀችው።